ጭራውን ራስ የሚያስመስለው እባብ

ዛሬ ከሰዓት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሳ ሾርባ እየጠጣን ነው። የወንድሜ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። "አክስቴ፣ ኮብራ እዪ!"

አየሁት። ጥቁር እባብ ሰውነቱን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ጭራውን ሽቅብ ቀስሯል። የጭራው ሥር ደማቅ ቀይ ነው። ለመናደፍ የተነሳ ራስ ይመስላል። ራሱ ግን ከተጠቀለለው ሰውነቱ ሥር ተወሽቋል!

ይሄ ኮብራ አይደለም አልኩት። የሳይንስ ስሙ ሲሊንድሮፊስ ነው፤ መርዝም የለውም። እኛ አገር አይገኝም። ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ እነ ታይላንድና ኢንዶኔዥያ፣ እርጥብ አፈርና የሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ይኖራል። ዓይኖቹ ጥቃቅን ናቸው፤ አንገት የሚባል ነገር አይታይበትም፣ ከላይ እስከ ታች ወጥ ነው። እንቁላል አይጥልም፣ ልጆቹን ይወልዳል።

እኔን የገረመኝ ምግቡ ነው። ሌሎች እባቦችን ይበላል። "እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ" የተባለው እሱ ጋ አልደረሰም መሰለኝ።

ብልጠቱን ግን ወድጄለታለሁ። ጠላት ጭራውን ራስ ነው ብሎ ቢመታው፣ ዋናው ራስ ይተርፋል። መርዝ ለሌለው ፍጥረት ከዚህ የተሻለ ምን አማራጭ አለ?

ዓሳ የሚጠብሱት እትዬ ጎንበስ ብለው ቪዲዮውን አዩና አማተቡ።

"አይነድፍም እኮ እትዬ፣ መርዝ የለውም" አልኳቸው።

"ኤዲያ! እኔ ቆሜ ራሱን ከጭራው ልለይልሽ ነው? በይ ሾርባሽን ጠጪ!"