ዓለም ኬሎን ከልጆች ጋር ማንበብ

ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ስለ ስደተኛ የሚሰሙት ከዜና ነው፤ ጀልባ፣ ቁጥር፣ ጭቅጭቅ። እኔ ግን አንድ ልጅን በቅርብ እንዲያውቁ ፈለግኩ። ስለዚህ «ሬፊውጂ ቦይ» (ስደተኛው ልጅ) የሚለውን መጽሐፍ መረጥኩ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው የበርሚንግሃሙ ገጣሚ ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ዓለም ኬሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ባድመ ላይ የተጀመረው ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ በሁለቱም አገር መቀመጫ ያጣል። አባትየው ልጁን ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ያመጣዋል። ከዚያ ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ትቶለት ይመለሳል።

የመጽሐፉ መክፈቻ በጣም ጠቅሞኛል። ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ይገባሉ። ወዲያው ያው ታሪክ ይደገማል። አንዱ ኢትዮጵያ፣ ሌላው ኤርትራ ነው። ክፍሌ ውስጥ የሁለቱም አገር ልጆች አሉ። ሁለት ልጆች ጮክ ብለው ተራ በተራ እንዲያነቡት አደረግኩ። ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ «የእናንተ ወታደር» ያለ ልጅም አልነበረም።

ከዚያ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍን። «ማን? ምን አደረገለት?» የሚል ነው። የሚያነቡት በእንግሊዝኛ፣ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። ጉዳዩን የያዙለት የስደተኞች ድርጅት ሠራተኞች ገቡ። ቤታቸው የወሰዱት አየርላንዳውያኑ ፊትዝጄራልዶች ገቡ። እንዳይባረር ዘመቻ የጀመሩት የክፍል ጓደኞቹም ገቡ። የከረረው ክርክር እዚህ ላይ ነበር። ልጆቹ ዘመቻውን የሚመሩት አዋቂዎች ይመስሏቸው ነበር። እኩዮቻቸው መሆናቸውን ሲያዩ ጥያቄው ወደ ራሳቸው ዞረ።

ይህን መጽሐፍ ለማስተማር ለሚያስብ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። «የእናንተ ቤተሰብ እንዴት መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ያልተነገረው ልጅ አለ። የቤተሰቡ ጉዳይ እስከ ዛሬ ሆም ኦፊስ (የስደተኞችን ጉዳይ የሚወስነው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት) ያለ ልጅም አለ። «ዓለም እዚህ ጋ ለምን ዝም አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንዷ ልጅ ለዚህ ስትመልስ «አባቴም ስለ ሱዳን ሲጠየቅ ዝም ነው የሚለው» አለች። እኔ አልጠየቅኳትም። ለማውራት የፈለገችውን ያህል አወራች።

ወላጆችን አስቀድሞ ማነጋገርም ግድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ዓለም አባቱን ለንደን ውስጥ በጥይት ያጣል። ያን ምዕራፍ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ማንበብ አይገባም። እኛ መጀመሪያ ላይ አነበብነው፤ የቀረውን ሰዓት ስናወራ ዋልን።

ስንጨርስ ለአዲስ ተማሪ የሚሰጥ አንድ ገጽ እንዲያዘጋጁ ጠየቅኳቸው። ባንዲራና «እንኳን ደህና መጣህ» ይሥላሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እነሱ ግን የጻፉት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሚሻል፣ ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ነው። አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣ አብሮት የሚበላውን ተረኛ ራሳቸው ይመድባሉ።