ስልክህን ካልሲህ ውስጥ ክተት

እህቴን ልጠይቅ ኮዬ ፈጬ፣ አዲስ አበባ ዳር ያለው ቲክቶክ ላይ ስሙ የጠፋ የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ልሄድ ነው ስል ሐዋሳ ውስጥ ያልመከረኝ የለም። አንዱ ስልክህን ካልሲህ ውስጥ ክተት አለኝ። ሌላው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እግርህ ከደጅ እንዳይወጣ አለ። ፀጉር አስተካካዬ ደግሞ ምላጩን ጆሮዬ ሥር እንደያዘ፣ በቡድን ሆነው ሰው የሚደበድቡ ልጆች ቪዲዮ አሳየኝ። በኋላም በቴሌግራም ላከልኝ፤ እንዳልረሳው መሰለኝ። አንዳቸውም ኮዬን ረግጠው አያውቁም።

መንገዱን እዘለዋለሁ። ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹን ተኛሁ። ዝዋይ ላይ ዓሣ በላሁ። የሐዋሳ ሰው የዝዋይን ዓሣ ማመስገን ክህደት ስለሆነ አላመሰግንም።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ሊመሽ ነበር፤ ዝናብ ያካፋል። እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ ለሻንጣዬም የሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ያዝኩ።

"ኮዬ ስንት ነው?"

"400።"

"400 ምን?"

"ፋዘር፣ በዚህ ሰዓት እዛ ማን ይገባል? ቲክቶክ አታይም እንዴ?"

ሐዋሳ በ400 ብር ባጃጅ ይዘህ ከተማውን ትዞራለህ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ትጠጣለህ፣ መልስም ትቀበላለህ። ዝናቡ ሲብስ ግን ገባሁ። ልጁ መንገድ ላይ ሌላ ሁለት ሰው ጫነ። አንዷ እናት ስትወርድ 30 ብር ሰጥታው፣ ደህና እደር ብላው ሄደች። ልጁ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ከፍ አደረገ። 30ው የመንገዱ ነው፤ 370ው የሰፈሩ ክፉ ስም ዋጋ መሆኑ ነው። ደግሞ እኮ ስሙን ያጠፋው እሱ አይደለም፤ ሲሸጠው ብቻ ነው ያገኘሁት።

እህቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሊፍት የለም። እራት በልተን ተኛን።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ደረጃው በሩጫ ተናወጠ። "ያዘው! ያዘው!" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። "እንዳያመልጥህ! አንቀህ ያዘው!" አንዲት ሴት ጮኸች። የሆነ ነገር ከብረት ጋር ተላተመ። ዘልዬ ተነሥቼ በሩን ተደግፌ ቆምኩ፤ ከወጥ ቤት ያነሣሁት መጥበሻ በእጄ ነው። እህቴ በባዶ እግሯ ወጣች። መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትናገር ሁለት ጀሪካን አስጨበጠችኝ። ውሃ መጥቶ ነው። ታንቆ እንዲያዝ የተባለውም ጎማው ነው። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ላይኛው ፎቅ ድረስ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ሕንፃው ሁሉ፣ አያት ከልጅ ልጅ፣ በእንቅልፍ ልብሱ ምድር ላይ ያለው ቧንቧ ዘንድ ይወርዳል። እስኪነጋ ስንቴ እንደተመላለስኩ ጉልበቴ ይናገር። የፈራሁት ሌባ ቢመጣ ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ ጀሪካን አስይዘው ነበር።

ሰላም ነው፣ ምንም የለም ልል አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለች አንዲት ልጅ መሐል ከተማ ነው የምትሠራው። አንድ ምሽት ፌርማታው አጠገብ ሦስት ሆነው መጡባት። አንደኛው አንገቷን በክንዱ ያዘ፣ ሌላው ስልኳን ወሰደ። ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታለች። ዜና አልሆነም፤ የቀረፀው የለማ። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ፌርማታ ድረስ ወጥቶ ካልተቀበላት አትመጣም። ነዋሪውም ገንዘብ አዋጥቶ የሌሊት ጥበቃ ቀጠረ፣ መንገዱ ላይ መብራት አስተከለ። ይሄም ዜና አልሆነም።

ፀጉር አስተካካዬ የላከልኝን ቪዲዮ ለእህቴ አሳየኋት። ገና ሲጀምር "ይሄ የኛ ሰፈር አይደለም" አለች። አጥሩን አሳየችኝ፣ ሱቁን አሳየችኝ። እኔ ግን በምን አውቃለሁ? ኮንዶሚኒየም ነው። ገርጂ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ያው ባለ አራት ፎቅ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ዲሽ፣ ያው የተሰጣ ልብስ። የጀሞን ጠብ የአራብሳ ነው ብለህ ብትለጥፈው ማን ይከራከርሃል? ስም የሚያወጣው የለጠፈው ሰው ነው።

ስም እንዲህ በጅምላ ሲሰጥ የመጀመሪያው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተር ሳይክሎችን አግዳ ነበር። የተነገረው ዋና ምክንያት በሞተር ሆነው የሚዘርፉ መብዛታቸው ነው። ያኔ ሞተረኛ ሲያልፍ ቦርሳውን የማያጠብቅ አልነበረም፤ ዕቃ አድራሽ ይሁን ነጣቂ ማን ይለየዋል። አሁን ተራው የሰፈር ሆኗል።

የሐዋሳ ሰው ስለሆንኩም ነው መሰለኝ ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ሰኔ 2010 ከተማችን በግጭት ዜና ሆና ነበር። ሰው ሞቷል፤ ሐሰት አልነበረም። ግን ከወራት በኋላም የሩቅ ዘመድ እየደወለ "አሁንስ መውጣት ይቻላል?" ይለኝ ነበር። ስልኩን የማነሣው ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላሁ ነው። ሲጀምር የነገረው ዜና ሲያበቃ አልነገረውም።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። ምድር ቤት ያለው ቤት ባለቤት ቺካጎ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ለዕረፍት መጥቶ ቤቱን ሊያከራይ ነው።

"አንተማ ለምደኸዋል፣ የጥይት ከተማ ነው የምትኖረው" አለችው እህቴ።

ሳቀ። እ.ኤ.አ. በ1929፣ በወንበዴው በአል ካፖን ዘመን፣ ቺካጎ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተገደሉ። መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ጋራዡም ከፈረሰ ቆይቷል። ቱሪስት ግን እስካሁን እዚያ ውሰደኝ ይለዋል። "ግድያ የለም አልልም" አለ። እዚያው በፈረንጆቹ 2016 ከ750 በላይ ሰው ተገድሏል፤ በ2021 ወደ 800 ተጠግቶ ነበር። በ2024 ግን ከ600 በታች ወርዷል። "ቴሌቪዥን ላይ ግን አልወረደም።" ከሕዝቡ ቁጥር አንፃር ሴንት ሉዊስ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ከቺካጎ ትብሳለች። "በሴንት ሉዊስ ስም ያስፈራራህ ሰው አለ?" አለኝ። ቺካጎ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት፤ ግድያው የሚበዛው በደቡብና በምዕራብ ሰፈሮቿ ነው። እሱ ሰሜኑ ጋ ነው የሚኖረው። "እኔን የሚያስጨንቀኝ ፓርኪንግ ነው" አለ። ደቡቡ ጋ የሚኖር ሰው ይሄን ቢሰማ ምን ይል ይሆን አልኩ በልቤ። ቶናው ቀረበና ዝም አልኩ።

ደላላው ደረሰ። ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገ፣ ቧንቧ ከፈተ። ውሃ የለም።

"ጋሼ፣ ቤቱስ አሪፍ ነው" አለ። "ግን ሰፈሩን ያውቁታል፣ ስሙ ጠፍቷል። ከ7,000 በላይ የሚገባ ሰው አያገኙም።"

"እኔን በስም አታስፈራራኝ" አለው ሰውዬው።

ወዲያው የደላላው ስልክ ጮኸ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ቢልም ድምፁን አልቀነሰም። "አቤት እመቤቴ! ሰፈሩማ ጸጥ ያለ ነው፤ ለቤተሰብ የተፈጠረ። ጥበቃ አለ፣ መብራት አለ። 10,000፤ የመጨረሻው ነው።"

እህቴ ሲኒዋን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። "ስልኩን አምጣው፣ እኔ ላናግራት።"

ስለ ውሃው ፈረቃ ሳትደብቅ ነገረቻት። በ9,000 ተስማሙ። ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወሰደ።