ናይስ የሚባለው ቃል

ዛሬ የእህቴ ልጅ የጻፈችውን የእንግሊዝኛ ድርሰት ስናይ አመሸን። ሰፈሩ ናይስ፣ ምሳው ናይስ፣ አስተማሪዋም ናይስ። ሌላ ቃል ፈልጊ ከማለቴ በፊት የቃሉን ታሪክ ነገርኳት። በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

መነሻው ላቲን ነው። «ስኪሬ» ማለት ማወቅ ነው፤ ሳይንስ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ነው። ፊቱ ላይ አፍራሽ «ኔ» ሲገባበት «ኔስኪዩስ» ይሆናል፣ የማያውቅ ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ሞኝ ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1300 አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም ትርጉሙ ያው ነበር። በኋላ ዓይን አፋር፣ ነገር አጥባቂ፣ ጥንቁቅ ለማለት ዋለ። ደስ የሚል ማለት የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጥንቃቄው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም። በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ስስ ልዩነት ዛሬም «ናይስ ዲስቲንክሽን» ይባላል።

ልጅቷን ይበልጥ የገረማት «ሲሊ» ነው። አሁን ጅል ማለት ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ደስተኛ፣ የተባረከ ማለት ነበር። «እንዴት እንዲህ ይገለበጣል?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ናይስን ጭራሽ አትጠቀሙ የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጽሑፍ ላይ ሲደጋገም እውነት ነው ያደነዝዛል። አስተማሪዋ ታጋሽ ትሁን ተጫዋች አይነግረንም። በአፍ ሲነገር ግን ሞቅ ያለ ቃል ነው። «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» ሲሉን ደስ አይለንም እንዴ?