አምና ከሰባቱ ቀጥላ ነበር የምትወጣው

ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በአገራችን ሰማይ ለማየት ቀና ማለት ትርፉ ፊትን ማርጠብ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ደመናው ይገፈፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ይደርቃል፣ ከዋክብቱም ዝቅ ብለው የወረዱ ይመስላሉ። ውርጩ ባይኖር ከዓመቱ ሁሉ ይህን ወር እመርጥ ነበር፤ ከነውርጩም እመርጠዋለሁ።

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ አጎቴ ዘንድ ነኝ። ወቅቱ የውቂያ ስለሆነ ማታ ማታ ምርቱን ሲጠብቁ አውድማ ላይ ያድራሉ፤ እኔም ገለባው ላይ ጋቢ ደርቤ አብሬያቸው። አዲስ አበባ ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ የማውቃቸው ከዋክብት እዚህ ከሌሎቹ ብዛት የተነሣ ይጠፉብኛል።

ጀንበር እንደጠለቀች አናታችን ላይ ብቻዋን ደምቃ የምትታየው ሳተርን ናት። በአካባቢዋ ሌላ ደማቅ ነገር ስለሌለ አትሳትም፤ ደግሞም ኮከብ ብልጭ ድርግም ሲል እሷ ረግታ ታበራለች። ቀለበቷን ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ዘንድሮ ግን ቴሌስኮፕ ያለውም ብዙ አላተረፈም፤ ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ እኛ ስለዞረ ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህ በ15 ዓመት ገደማ አንዴ የሚመጣ ነው፤ ከአሁን በኋላ እያደር ይከፈታል።

ጁፒተር የምትወጣው ዘግይታ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል በምሥራቅ በኩል። መንሹን መሬት ላይ ተክዬ ባይኖኩላሬን አስደገፍኩበት (በእጅ ብቻ ከያዙት እየተንቀጠቀጠ አያሳይም)። አራቱ ጨረቃዎቿ ተደርድረው ታዩኝ፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚያው ናቸው። ለአጎቴም ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና መልሰው ሰጡኝ። ጨረቃዎቹ ብዙም አልገረሟቸውም።

«ይቺ አምና እዚህ አልነበረችም» አሉኝ።

«የት ነበረች ጋሼ?»

«ሰባቱ ይወጣሉ፣ እሷ ትከተላለች። እንዲህ አታስጠብቅም ነበር።»

ትክክል ናቸው! አምና በዚህ ወር ጁፒተር ከሰባቱ ከዋክብት (እንደ ዘለላ ተጠጋግተው ከሚታዩት፣ ፕሌያዲስ ከሚባሉት) በስተምሥራቅ፣ ሠውር ወይም በሬው በሚባለው የኮከብ ምድብ ውስጥ ነበረች፤ ዘንድሮ መንትዮቹ ወደሚባለው ምድብ ተሻግራለች። ፀሐይን አንዴ ለመዞር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ስለሚቀራት በየዓመቱ አንድ አንድ ምድብ ትገፋለች። ይህን እኔ ያወቅሁት አንብቤ ነው። እርሳቸው ያወቁት በየዓመቱ በዚህ ወር፣ በዚሁ አውድማ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ተጋድመው እያደሩ ነው። ፕላኔትን ከኮከብ የሚለየው ዋናው ነገር መዘዋወሩ አይደል? ለዚያ ባይኖኩላር አያስፈልግም፤ በየዓመቱ አንድ ቦታ ሆኖ ማየት ይበቃል። እኔ ቤት በቀየርኩ ቁጥር አድማሴም ስለሚቀየር ይህን በገዛ ዓይኔ አይቼው አላውቅም። የመጪው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንደምትወጣ ነገርኳቸው። ከሰባቱ ኋላ ሆና መልሰው የሚያገኟት በ2029 ዓ.ም. ነው። «ያድርሰን» አሉ።

ትናንት ሌሊት ደግሞ ተወርዋሪ ከዋክብቱ የሚበዙበት ሌሊት ነበር። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ምድር ፌቶን የተባለ አለት በምሕዋሩ ላይ በትኖት የሄደውን ብናኝ አቋርጣ ታልፋለች፤ ብናኙ አየራችን ውስጥ ገብቶ ሲነድ ነው የሚታየን። ጨረቃም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለወጣች ጨለማው ተመቸን።

ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ፣ አንድሮሜዳ በሚባለው ምድብ ውስጥ፣ ቡና የሚባል ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሰው ይህ ነው፤ ፕላኔቷ አቦል ተባለች። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሆነ ኮከቡ በዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላር ግን ይገኛል። አቦል በምንም አትታይም። አንዴ ዞራ ለመጨረስ 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ለአጎቴ ስነግራቸው «ቶናውስ?» አሉ። ቶናና በረካው ገና አልተገኙም።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር ግን አለ። ውጭ አገር የሚጻፉ የሰማይ መመሪያዎች ፍኖተ ሐሊብን፣ ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ነጣ ያለ የከዋክብት መቀነት፣ በሐምሌ ምሽት ተመልከቱ ይላሉ፤ እውነትም እምብርቱ፣ ከዐቅራብ ጭራ አጠገብ ያለው ደማቁ ክፍል፣ በምሽት ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ለእኛ ሐምሌ ዝናብ ነው። ክረምቱ ከዓመቱ ሰማይ ምርጡን ይወስድብናል ማለት ነው፤ ለማስመለስ ያለው መንገድ ሌሊት መነሣት ብቻ ነው። መጋቢት ላይ፣ ደመናው ሳይመለስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያየ ያገኘዋል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ የደቡብ መስቀል በደቡብ፣ ሰባቱ የድብ ከዋክብት በሰሜን አንድ ላይ ይታያሉ፤ አውሮፓ ሆኖ ይህን ማየት አይቻልም።

መጋቢት ላይ ተመልሼ እመጣለሁ፣ በ10 ሰዓት እንነሣለን ብያቸዋለሁ። «ያኔ የምጠብቀው ምርት የለኝ፤ አንተ ተነሥተህ እይና ጠዋት ትነግረኛለህ» ብለውኛል።