የቡችላዬ ሥጋና የጅማዋ ሐኪም

ዐቢይ ጾም በገባበት ሰሞን ጥሬ ሥጋ ይዞ በእናት በር መግባት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ቤቱ በሙሉ ሽሮና ምስር ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ጅማ፣ እናቴ ቤት ላለው ቡችላ ቀይ ሥጋ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬ በጓሮ በኩል እሹለከለካለሁ። እናቴ አልተቆጣችም። «ውሻ ጾም የለውም፣ ይብላ። በእኔ ቢላዋ ግን እንዳትነካው» አለች። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ስለተዘጉ የምገዛው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር። ስለዚህ ለቡችላው የራሱ ቢላዋ፣ የራሱ መክተፊያና የራሱ ሳህን ተለየለት። እናቴ ያደረገችው ለሃይማኖቷ ብላ ነው፤ ለውሻ ጥሬ ሥጋ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ግን እንዲሁ ማድረግ አለበት። ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ ከውሻው ሳህን ወደ ሰው ሰላጣ የሚሻገረው በቢላዋና በመክተፊያ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመን ውስጥ ውሻ ለያዘ ሰው ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ ግብር ያስከፍለዋል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፤ ከዚያ እኔም ከፋይ ሆንኩ። ስደት ላይ ያለ ሰው ውሻ የሚይዝበትን ምክንያት ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ለዓመታት በደረጃው ላይ ሰላምታ ነፍገውኝ ያለፉ ጎረቤቶቼ ውሻ ይዤ ስወጣ ቆመው ያወሩኝ ጀመር። የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው፤ ስሜን እስከ ዛሬ የማያውቁ አሉ። እኔ ግን አልከፋኝም።

ያ ውሻ የሚበላው ጥሬ ነው። ይህን አመጋገብ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ ጀርመኖች ደግሞ እንደ እምነት ይዘውታል። ለውሻ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ማቀዝቀዣቸው በሥጋ የተሞላ ነው፤ ጡንቻው፣ ልቡ፣ ጉበቱና የተፈጨው አጥንት በየፓኮው ተለክቶ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ብዙ ሐኪሞች እንደሚቃወሙት አውቃለሁ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሬ የእንስሳት ተዋጽኦ ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ የሚመክር አቋም አውጥቷል። የእኔ ውሻ ግን ሌላ ሲበላ ያሳክከው ነበር፤ ጥሬ ሲበላ ተወው። ማስረጃ ነው አልልም፤ እኔን ግን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ወደ ጅማ የሄድኩት እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላት ነው። ቤታችን ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ሌሊት የጅብ ድምፅ ይሰማል። አንድ ጎረቤታችን «እናትዎ ብቻቸውን ናቸው፣ ግቢውን ይጠብቅላቸው» ብለው ዳማ ቡችላ አመጡልኝ። እናቴ ነብሮ አለችው። ከነብር ጋር የሚያመሳስለው አንዳች ነገር አልነበረም፤ እግሮቹ ስንጥር፣ ሆዱ ከበሮ ነው። የቡችላ ሆድ እንዲያ ሲነፋ የጥጋብ ምልክት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወስፋት ነው። የውሻ ወስፋት ከእናቲቱ ማሕፀን ጀምሮ ወደ ግልገሎቹ ስለሚተላለፍ ቡችላ ገና ሁለት ሳምንት ሲሞላው የትል መድኃኒት መጀመር ይገባዋል። ነብሮ እኛ ዘንድ ሲመጣ ከዚያ ዕድሜ በጣም አልፎ ነበር፤ ማንም ምንም አልሰጠውም።

ኪኒኑን ሰጠሁት፤ ሆዱ ጎደለ። ደስታዬ ግን አልዘለቀም፤ አንድ ሌሊት ዓይነ ምድሩ ላይ ደም አየሁ። ውሻ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ፓርቮ። ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ቡችሎችን ሲፈጅ የኖረ ነው። የአንጀታቸውን ሽፋን ይልጣል፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸውን ያወርዳል፤ ያልታከሙት አብዛኞቹ አይተርፉም። ክትባቱ የሚጀመረው በስድስትና በስምንት ሳምንት መካከል ነው፤ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው በየተወሰነ ጊዜ ይደገማል። ነብሮ ገና አልተከተበም። ሌሊቱን ድዱን እየገለጥኩ በእጅ ባትሪ ሳየው አደርኩ፤ ነጣ ያለ መሰለኝ፤ ደግሞ ቀይ መሰለኝ። እናቴ ዓይኗ ላይ መከለያዋን እንዳደረገች ተነሥታ «ውኃ ጠጣ?» አለች። ጠጥቷል። «እንግዲያውስ አይሞትም፣ ተኛ» ብላ ተመለሰች።

ሲነጋ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትምህርቷን እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች። ቡችላው አላስታወከም፤ ጅራቱንም እየቆላ ነበር። ዓይነ ምድሩን በማይክሮስኮፕ አየችውና እኔንም ጠርታ አሳየችኝ፦ ስስ ቅርፊት ያላቸው ሞላላ እንቁላሎች። የመንጠቆ ትል ነው። አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ፣ በእናት ጡት ወተት የሚተላለፍና ሞቃት እርጥብ አፈር የሚመቸው ትል ነው። ለእርጥብ አፈር ደግሞ ጅማን የሚያህል የለም። የሰጠሁት ኪኒን ለወስፋቱ እንጂ ለዚህኛው የሚበቃ አልነበረም፤ ሌላ አዘዘችለት። በሆዴ «ሥጋው ነፃ ወጣ» አልኩ።

እሷ ግን ካርዱን ልትሞላ ስትል «ምን ይበላል?» አለች። ነገርኳት። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ሥጋ ቤቱ ሳንባም ይመርቅልዎታል?»

እንዴት አወቀች? አልኩ፤ ለካ ማንም ያውቀዋል። ሳንባ በአገራችን የውሻና የድመት ድርሻ ነው፤ ባለሥጋ ቤቱ ሳይጠየቅ ከላይ ጣል ያደርገዋል። እሷ የምትፈራው ከሁሉ በላይ እሱን ነበር። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል፤ ውስጡ ያለው ኤኪኖኮከስ የሚባለው የትል ዝርያ እጭ ነው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆኑ ትሎች ያድጋሉ። ውሻውን አያሳምሙትም፤ እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድር ይወጣል፣ በፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከዚያም በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። «ግቢያችሁ ልጆች አሉ?» አለችኝ። የጎረቤት ልጆች ቀኑን ሙሉ ከነብሮ ላይ አይወርዱም።

እኔም ቶሎ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። «እኛ ራሳችን ክትፎና ቁርጥ እንበላለን» አልኳት። ሳቀች። «ይበላሉ፤ ኮሶም ይጠጣሉ» አለች። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ሙሉ አይደለም፤ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የእኛ የኮሶ ትል በውሻ አንጀት ውስጥ አያድግም። ይህንኑ ብነግራት «እሱስ ልክ ነዎት» አለች። ከዚያ በኋላ ነው መከባበር የጀመርነው።

ቀጠልኩ፦ ፍራንክፈርት ያለው ውሻዬ ይህንኑ እየበላ ጤነኛ ነው። እሷም የጀርመኑን ሥጋ አላጣጣለችም፤ ግን በረዶውን ጠየቀችኝ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለበርካታ ቀናት የቆየ ሥጋ ውስጥ የትል እጭ አይተርፍም፤ ሳልሞኔላ ግን በዚያ ብርድም ሊቆይ ይችላል። ጅማ ላይ ያንን ቅዝቃዜ ማን ይጠብቅልኛል? የእናቴ ማቀዝቀዣ መብራት በጠፋ ቁጥር ያለቅሳል፤ ጠዋት ወለሉን የምንወለውለው እኛ ነን። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ሳንባና ጉበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ እንዳይሰጥ ተስማማን።

ያልተስማማነው በቀረው ነው። እሷ «ቤት የበሰለውን ስጡት» አለች፤ እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ተነሣሁባት። ቤት የበሰለው ምንድን ነው? ወጥ ነው። ወጥ ማለት ሽንኩርት ማለት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ደሙን የመንጠቆ ትል ለጠጣበት ቡችላ ይህን መምከር አልዋጥልህ አለኝ። የአገራችን ውሻ በትራፊ እንጀራ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዕድሜውንም አውቃለሁ። ትንሽ ዝም አለችና «ያለ ሽንኩርት ማለቴ ነው» አለች። አላለችም ነበር፤ ግን ተቀበልኳት።

ከዚያ አጥንት መጣ። ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ ለቡችላ መስጠት በእርግጥ አደገኛ ነው፤ በሥጋ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፎስፈረሱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይደርስም፤ ቡችላ የሚፈልገው ደግሞ ካልሲየሙ በጥቂቱ እንዲበልጥ ነው። ሰውነቱ የጎደለውን ከራሱ አጥንት እየመዘዘ ያሟላል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ ሲብስ ያለ አደጋ ይሰበራል። እኔ ከአሥር እጅ አንዱን ልም የጎድን አጥንት አደርግ ነበር። እሷ አጥንት የሚባል ነገር አትፈልግም፤ አንጀት የበሳ አይታለች። የበሰለ አጥንት እንደ ስንጥር እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቃለሁ፤ ጥሬው ግን ይለያል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። በመጨረሻ የእንቁላል ቅርፊት አመጣች፦ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዱቄት ሆኖ የተፈጨ። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ዋጋ የለውም፤ በየቤቱ ይጣላል።

«እርስዎ መቼ ነው የሚመለሱት?» ብላ የጠየቀችኝ ልወጣ ስል ነው። ከፋሲካ በኋላ አልኳት። «ታዲያ ከአሥር እጅ አንዱን የሚመዝነው ማን ነው? ዓይናቸውን የታከሙት እናትዎ?»

እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ውሻ ብቻ አልነበረም። እኛ ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የቤቱን ሥርዓት እንለውጣለን፦ ለደም ግፊት ጨው ቀንሱ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ውኃ በማጣሪያ ጠጡ። ከዚያ አውሮፕላን ላይ እንወጣለን። ማጣሪያው አሁንም ቁም ሣጥኑ ላይ አለ።

ነብሮን ልወስደው አስቤም ነበር። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለሚገባ ውሻ ሕጉ ረጅም ነው፦ መጀመሪያ መለያ ቺፕ፣ ከዚያ 12 ሳምንት ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ የሚመረመር ደም፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ የ3 ወር ጥበቃ። ይህን ለእናቴ ሳስረዳ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ጅቡንስ በአንተ ፈንታ እኔ ልጩኽበት?» አለች። ክትባቱን አስከተብኩ፣ ቺፑን ተውኩት።

አሁን የሚበላው የተቀቀለ ሥጋ በሩዝና በድንች ነው፤ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ከላዩ የቅርፊት ዱቄት። የትል መድኃኒቱን ሐኪሟ በየጊዜው እያስታወሰች ታሰጠዋለች። ጥሬ አጥንት በሚለው ግን አልተግባባንም፤ ስልክ በደወልኩ ቁጥር አነሣዋለሁ። «ፍራንክፈርት ያለውን እርስዎ ይመግቡ፣ የጅማውን ለእኛ ይተዉልን» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ፋሲካ ሲመጣ ማንንም ሳታስፈቅድ ከበጉ ጎድን አንዱን ከነጥሬው ወርውራለታለች፤ ለሐኪሟ እንዳልነግርባት አስምላኛለች።