አጥሩ ሰማይ ላይ፣ ቤቱ ምድር ላይ

ትናንት ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቤ እንደተቀመጥኩ የአንድ ባለ አራት ክፍል ቤት ፕላን ከዳር እስከ ዳር ተዘጋልኝ። ተዘጋልኝ ስል የውጭ ግድግዳው መስመሮች በሙሉ አንድ ፖሊላይን ሆኑ ማለቴ ነው፤ አንዱን ስነካው ሁሉም አብሮ ይመረጣል። ለለመደው ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከእኔ ግን ሦስት ሳምንት ወስዷል። እንደ እኔ አውቶካድን፣ ይህን የፕላን መሣያ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ያለ አስተማሪ የሚታገል ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አላስረዝምም። መስመር፣ ኦፍሴት (ትይዩ መስመር ማውጣት)፣ ትሪም (ትርፉን መቁረጥ) ማንም ይማራቸዋል። የውጭ ግድግዳን በ20፣ የውስጡን በ15 ሳንቲሜትር ብሎኬት ልክ መሥራት፣ 90 ሳንቲሜትር በር መክፈት ቶሎ እጄ ገባ። ያስቸገሩኝ ጥጎቹ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ የገጠሙ ይመስላሉ፤ የማውሱን ጎማ አሽከርክሬ ስጠጋቸው አንዱ አጥሮ ቀርቷል፣ ሌላው አልፎ ሄዷል። ምክንያቱ ያሳፍራል፤ በኤፍ 3 የሚበራውን፣ ጠቋሚውን የመስመር ጫፍ ላይ በትክክል የሚያሳርፈውን ስናፕ አጥፍቼ በዓይኔ ግምት ነበር የምሠራው። ክፍተቱን ለመሸፈን ደግሞ የመስመሩን ውፍረት እጨምር ነበር። ሲታተም ያምራል። ሃች፣ ማለትም የግድግዳውን ውስጥ የሚሞላ ስርዝር፣ ለመሙላት ስሞክር ግን ፕሮግራሙ ወሰኑ ክፍት ነው እያለ ይመልሰኛል።

አባቴ ግንበኛ ነው። አንድ ቀን ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን ሲመለከት «ይህ ግድግዳ ተያይዟል ወይስ ተጠግቷል?» አለኝ። በእሱ ሙያ የማዕዘን ድንጋይ አንዱ ረድፍ ወዲህ፣ ቀጣዩ ወዲያ እየተሻገረ ካልተናከሰ ጥጉ አንድ ክረምት አልፎ ይከፈታል። እኔ ያልተናከሰ ጥግ ነበር የምሠራው።

ብዙዎች ለዚህ መፍትሔው ጆይን የሚባለው ትእዛዝ ነው ይላሉ። ለእኔ ጆይን የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በአንድ ቀጥታ ላይ ያሉ ሁለት መስመሮችን በመካከላቸው ክፍተት ቢኖርም ያገናኛል፤ የተሰረዘ መስኮት ለመድፈን ግሩም ነው። ጥግ ላይ ግን ጫፍና ጫፍ ካልተነካኩ ንቅንቅ አይልም። ጥግ የሚሠራው ፊሌት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሺፍትን ተጭኖ ሁለቱን መስመሮች መንካት ብቻ ነው፤ ያጠረው ይረዝማል፣ የረዘመው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ጆይን።

ፖሊላይን በሚያርመው ትእዛዝ፣ በፒኤዲት ውስጥ ያለውን ፈዝ ዲስታንስ የሚባለውን አቋራጭ ግን አልወደውም። ይህን ያህል ክፍተት ካየህ ዝጋው ብሎ ማዘዝ ነው። በሜትር እየሣልኩ 0.5 ሰጠሁት፤ ከግድግዳው ውፍረት የሚበልጥ መሆኑን አላሰብኩም። የውጭውን መስመር ከውስጠኛው ጋር አጋብቶ ሳሎኑን የተጨማደደ ፌስታል አስመሰለው።

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላም አንደኛው ጎን እምቢ አለ። ፊሌት መስመሮቹ በአንድ ገጽ ላይ አይደሉም ይለኛል፤ ጆይን ደግሞ ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። እስከ ቻልኩት ድረስ ተጠግቼ ባይ ጫፎቹ ተነካክተዋል። ሰርዤ እንደገና ሣልኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ።

መፍትሔውን ያገኘሁት በስሕተት ነው። ሺፍትን ይዤ ሳለሁ የማውሱ ጎማ ተጫነና ፕላኑ በጎኑ ተጋደመ። ቤቱ ከታች አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ነጥብ አህሏል፤ የግቢው ወሰን ከላይ ተንሳፍፏል፤ እምቢ ያሉኝ የግድግዳ መስመሮች ከሰማይ ወደ ምድር እንደ ክር ተንጠልጥለዋል። በማግሥቱ ለአባቴ ሳሳየው «አጥሩን ማን ሰቀለው?» ብሎ ሳቀ።

የሰቀልኩት እኔው ነኝ። የወሰኑ ነጥቦች ቀያሹ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ለክቶ የሰጠኝ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከፍታውን ይዞ ይመጣል። የደብረ ብርሃን ከፍታ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ስናፕ ማብራት ከተማርኩ ወዲህ አንዱን ጫፍ በቀያሹ ነጥብ ላይ፣ ሌላውን ቀድሜ ዜሮ ላይ በሣልኩት ግድግዳ ላይ አሳርፍ ነበር። ከላይ ቀጥታ ሲታይ ልዩነቱ አይታይም። ስሜን ተራራ የሚወጣ ሰው እንኳ የማይወጣውን አቀበት አራት ሜትር በማይሞላ ግድግዳ ላይ ወጥቼዋለሁ።

አሁን የቀያሽ ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ ቅጂውን አስቀምጣለሁ። ከዚያ አንድ መስመር መርጬ በፕሮፐርቲስ ሰሌዳ ላይ የመነሻና የመድረሻ ዜድ ዋጋውን፣ ማለትም ከፍታውን፣ አያለሁ። ዜሮ ካልሆነ ፍላተን በሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም መሬት ላይ አወርዳለሁ። ኦስናፕዜድ የሚባለውንም ማስተካከያ 1 አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስናፕ የነጥቡን ከፍታ አይከተልም። በመጨረሻ በኦቨርኪል የተደራረቡትን አጸዳለሁ፤ ስንት መስመር በመስመር ላይ ደርቤ እንደነበር ብናገር ትስቁብኛላችሁ።

ሬቪት በሚባል ሌላ የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም የሚሠራ ጓደኛዬ እዚያ ግድግዳ ከግድግዳ ጋር ራሱ ይጋጠማል፣ ምን አስለፋህ ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን እሱም ባለፈው ሳምንት ሁለት ግድግዳ አልለያይ ብሎት ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ።

ፕላኑን ነገ አስረክባለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ግን በፈዝ ዲስታንስ ነው የተዘጋው፤ 0.02 ሰጥቼው። እንቅልፌ መጥቶ ነበር።