ፖስታው 110 ይላል

ቤዝ ጊታር ተጫዋችን እስኪሳሳት ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ያን ዕለት ማታ ከባንዱ ሁሉ በጣም የታየሁት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ልምምድ ላይ ነው። ድምፃዊቷ ለተከታታይ ሳምንታት ሠርታ ጉሮሮዋ ደክሞ ነበር። «ከፍ የሚሉት ዘፈኖች እየገደሉኝ ነው» አለች። የባንዱ መሪ ብዙም አላሰበበትም፤ «ሁሉም አንድ ቶን ይውረድ» አለ፤ ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ ሙሉ የድምፅ እርከን ዝቅ ይበሉ ማለቱ ነው። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ጨረሰ። ጊታሪስቱና እኔ ክር ማላላት ያዝን። (ቅኝቱን ሳትነካ ጣትህን አውርደህ አትጫወትም ወይ የሚል አይጠፋም። ብዙውን ይቻላል። ግን ወፍራሙ የኢ ክር ላይ፣ ጣት ሳይጫነው በባዶው የቆሙ መስመሮች አሉኝ፤ ከእሱ በታች የምወርድበት ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር፣ የለም።)

ቤዜ ላይ የነበረው ከ40 እስከ 100 የሚባለው ቀጭን ስብስብ ነው። ቁጥሩ የክሩን ውፍረት በኢንች ሺኛ ይናገራል። 100 ማለት 0.100 ኢንች፣ ወይም 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። በብዛት የሚታሰረው 45፣ 65፣ 85፣ 105 ነው፤ እኔ ግን ለጣቴ ስለሚቀለኝ ወደ ቀጭኑ አደላለሁ። በተለመደው ቅኝት ምንም አይልም። አንድ ቶን ሲወርድ ግን ወፍራሙ ክር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወዛወዘ። መታ ሳደርገው ፍሬቱን እየደበደበ ይንጣጣል።

መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ፤ ወፍራም ክር። ከ50 እስከ 110 ፈለግሁ። ዝግጅቱ አራት ቀን ቀርቶታል። አንድ ሻጭ የታወቀ ስም የታተመበትን የክር ፖስታ ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ባነሰ ዋጋ አቀረበልኝ። «ኦርጅናል ነው?» አልኩት። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ» አለኝ። ምርመራዬ እዚያ ላይ አበቃ። ደግሞ «ኦርጅናል አይደለም» የሚል ሻጭ የት ይገኛል?

ክሩን ያሰርኩት በዝግጅቱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ። አሮጌውን ፈታሁ፣ አዲሱን ለክቼ ጫፉን ቆረጥኩ፣ አሰርኩ፣ ቃኘሁ። ያው ነው። ይወዛወዛል፤ ይንጣጣል። ወፍራም ክር አስሬ እንዴት ምንም አልተለወጠም? ክሩን መጠርጠር አልመጣልኝም። አንገቱን ጠረጠርኩ። ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር ብሪጁ (ክሮቹ በታች በኩል የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ የክሮቹን መደገፊያዎች፣ ከፍ ከፍ አደረግኋቸው። መንጣጣቱ ቀነሰ። ደስ ብሎኝ ወደ መድረክ ወጣሁ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መስመሩ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ይወጣል። ወጣሁ። ኪቦርዲስቱ ዞር ብሎ አየኝ። ደግሜ ወጣሁ። አሁን ድራመሩም አየኝ፤ ድራመር ደግሞ ቅኝት ሲበላሽ ዞሮ ካየህ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ክር ከፍ ብሎ ሲቆም ፍሬቱ ላይ ለማድረስ አብዝተህ ትጫነዋለህ፤ ስትጫነው ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል። የቀረውን ምሽት ከ5ኛው ፍሬት በታች ተደብቄ ጨረስኩ።

በእረፍት ሰዓት መሪው መጣ። «ምን ሆነሃል?»

«ክር ቀይሬ ነው።»

«ክር ነው ወይስ ጆሮ የቀየርከው?»

በማግስቱ ቤዙን ተሸክሜ ለዓመታት ወደሚጠግኑልኝ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንገቱ ሳይጣመም አልቀረም» አልኳቸው። አንገቱን አላዩትም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ነቱ ላይ፣ አንገቱ ጫፍ ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበት ቁራጭ ላይ፣ አፈጠጡ።

«ይህን ሞርደኸዋል?»

«ኧረ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ለ100 በተቆረጠ ቦይ ውስጥ 110 ዝም ብሎ ገባልህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከመሳቢያ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አወጡና ወፍራሙን ክር ያዙት። 2.54። ትክክለኛ 110 ቢሆን 2.79 ማሳየት ነበረበት። ፖስታው 110 ይላል፤ ክሩ 100 ነው። አራት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት ያንኑ የፈታሁትን ክር ነበር ማለት ነው። ቀጭኑ የጂ ክር ደግሞ አንዱ ጫፉና ሌላው ጫፉ በውፍረት እኩል አልወጣም። እንዲህ ያለ ክር ሳድሉን የትም ብትወስደው 12ኛው ፍሬት ላይ ልክ አይመጣም።

ከዚያ እስክሪብቶ አነሡ። ቅኝቱ አንድ ቶን ሲወርድ የክሩ የንዝረት ፍጥነት በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ውጥረቱ የሚቀንሰው ግን በካሬው ስለሆነ አንድ አምስተኛው ይሄዳል። ያን ለመመለስ ክሩ በ12 በመቶ ያህል መወፈር አለበት። 40 የነበረው 45፣ 100 የነበረው 112 መሆኑ ነው። «ሐሳብህስ ደህና ነበር» አሉኝ፤ «ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሳትቆርጠው በፊት ነው የሚለካው።»

ይህቺ «ሳትቆርጠው በፊት» የምትለዋ ናት ያንገበገበችኝ። ሻጩ ጋ ስደውል «የተቆረጠ ክር አይመለስም» አለኝ። እውነት ለመናገር ትክክል ነው፤ የተቆረጠ ክር ማን ይገዛዋል? ስለ 110ሩ ሳነሣበት ግን መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል።

አሁን ሻጭ ማፈላለጉ ዋጋ ከማወዳደር አለፈ። ሦስት ሰዎች ጋ ደውዬ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፤ «አንድ ቶን ወርጄ ነው የምጫወተው፣ ምን ልውሰድ?» የመጀመሪያው «ሁሉም አለ» አለኝ። ሁለተኛው ዋጋ ነገረኝ። ሦስተኛው ጥያቄ በጥያቄ መለሰልኝ፤ «ስኬልህ ስንት ነው? 34 ነው 30?»

እንዲህ ያለውን ሰው ነበር የምፈልገው። ስኬል ማለት ከነቱ እስከ ብሪጁ ያለው የክሩ ርዝመት ነው። ከ1951ዱ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ጀምሮ የተለመደው 34 ኢንች ነው፤ አጫጭሮቹ 30 ናቸው። ውፍረቱ ልክ ሆኖ ርዝመቱ የሌላ ቤዝ ከሆነ ያው ኪሳራ ነው። ለአጭር ቤዝ የተሠራ ክር ረጅሙ ላይ ሲታሰር ቀጭኑ ጫፉ ነቱን ሳያልፍ ይጀምራል። በተቃራኒው ደግሞ ወፍራሙ ክፍል መቃኛ ቁልፉ ላይ ለመጠምጠም ይገደዳል፤ ሊበጠስም ይችላል። ቀጠለና ክሩ የሚገባው በብሪጁ ነው ወይስ ከጀርባ በእንጨቱ ውስጥ ያልፋል አለኝ። ከጀርባ ካለፈ ተጨማሪ ርዝመት ይበላል።

«50–110 ስጠኝ» አልኩት።

«ለጂ ክር 50 ምን ያደርግልሃል? 40 የለመደ ጣት ነው ያለህ። 45 ይበቃሃል። ነጠላ ነጠላውን ላውጣልህ።» 45፣ 65፣ 90፣ 110 አወጣልኝ። ከሙሉ ስብስብ ይወደዳል፤ ይህንንም ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ስትቀበል ለካ። እስካልቆረጥከው ድረስ እቀይርልሃለሁ።»

ሲደርሰኝ ለካሁ። አራቱም ልክ ናቸው። ጋሼ የነቱን ቦዮች በቀጭን ሞረድ ሰፋ ሰፋ አደረጉ፣ ሳድሎቹን ወደ ቦታቸው መለሱ፣ ቅኝቱን 12ኛው ፍሬት ላይ አመሳከሩ። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) ግን ብዙም መንካት አላስፈለጋቸውም፤ ውጥረቱ በፊት ወደነበረበት ስለተጠጋ አንገቱ ለውጡን ያወቀው አይመስልም። ከዚያ ወዲህ ባዶውን ክር ስመታው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኪቦርዲስቱም ዞሮ አያየኝም።

ሦስት ወር እንዲህ ቆየን። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ድምፃዊቷ ፊቷ ፈክቶ ገባች። ዕረፍት ወስዳ ድምፅዋ ተመልሷል። «ወደ ድሮው ቅኝታችን እንመለስ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ የተሞረደውን ነት እያየሁ ነበር። እነዚህን ክሮች አንድ ቶን ከፍ ባደርጋቸው ውጥረታቸው በሩብ ያህል ይጨምራል። ቀጭኑን ልመልስ ብል ደግሞ በሰፋው ቦይ ውስጥ ሊንቀጫቀጭ ነው።

ሦስተኛው ሻጭ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁትና «እንግዲህ ምን ልግዛ?» አልኩት።

«ቆይ፣ ምንም እንዳትገዛ» አለኝ። «መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ትዝፈን።»